አዲሱ ወይስ የሚጸናው? ለቤታችን ላፕቶፕ ሊኑክስን ስንመርጥ



እስቲ አንድ ቤት እናስብ። እራት ተበልቷል፤ ልጆቹ ተኝተዋል። ሚስት በእህቶች ኅብረት የምታካፍለውን ትምህርት ለመጻፍ ላፕቶፑን ትከፍታለች። ላፕቶፑ ተነሥቶ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል። ከተነሣም በኋላ በስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውሱ በሕጋዊ መንገድ ያልተገዛ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ይቀራል። ባል አየት አድርጎ፣ «ግድ የለም፤ ነገ ለዚያ ልጅ ወስጄ ፎርማት አስደርገዋለሁ። ክራክ የሆነ አዲስ ይጭንልናል» ይላል። እርስዋም ቀስ ብላ፣ «ባለፈውም እንዲሁ ብለህ የልጃችን የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ጠፋ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ በቤቱ ዝምታ ይሆናል።

ይህ ቤት የማን ነው? የብዙዎቻችን ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ሦስት ነገሮች አሉበት፦ ሕሊናችን፣ ጌታ በአደራ የሰጠን ገንዘብና ንብረት፣ እንዲሁም በባልና በሚስት መካከል ያለው መተማመን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ብዙዎች የሰሙትን ነገር ግን የፈሩትን አንድ አማራጭ፣ ማለትም ሊኑክስን፣ እንመለከታለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከብዙዎቹ የሊኑክስ እትሞች መካከል ለቤታችሁ የሚስማማውን እንዴት እንደምትመርጡ አብረን እናያለን። (በጽሑፉ ውስጥ የሶፍትዌር ዓመቶችን፣ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል።)

ጥያቄው ለምን አሁን መጣ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለሚመዘገቡ ግለሰቦች ለአንድ ዓመት የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል፤ እርሱም የማለፊያ ጊዜ እንጂ መፍትሔ አልነበረም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከ2018 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹን ላፕቶፖች በይፋ አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተን ለምንኖር ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላፕቶፑ ገና ደኅና ሆኖ ሳለ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ የሚዘረጋው ወደ ክራክ ነው። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የሰው የድካም ፍሬ የሆነውን ነገር ያለ ፈቃዱ መውሰድ ምን እንደሚባል ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ክራኩን የሚሠራው ሰውም የሚራራልን ወዳጃችን አይደለም። ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚለን ለምን ይመስላችኋል? የቤታችንን ጠባቂ አስወጥተን ማን እንደገባ ሳናውቅ በሩን ስንዘጋ ማለት ነው።

ይህን የምለው ዊንዶውስ ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም። አቅሙ ያለው ገዝቶ ቢጠቀም መልካም ነው። አዲስ የተገዙ ብዙ ላፕቶፖችም ፈቃዱን ይዘው ይመጣሉ። አቅሙ ለሌለን ግን በንጹሕ ሕሊና የምንሄድበት ሌላ መንገድ አለ።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሚሆን ፕሮግራም ጀመረ። ብዙ ሳይቆይም ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው በሚፈቅድ ፈቃድ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሺህዎች ሠርተውበታል። በእጃችን ያለው የአንድሮይድ ስልክም ከሥሩ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ እምብርት ነው።

እምብርቱ ብቻውን ግን ለእኛ አይጠቅመንም። ዱቄት ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ማለት ነው። ስለዚህ የተለያዩ ቡድኖች እምብርቱን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አቡክተውና ጋግረው ያቀርቡታል። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ኡቡንቱ ስሙን ያገኘው ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ሰብዓዊነትን፣ አንዱ ለሌላው መሆኑን ይገልጻል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያስጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው እትም በ2004 ወጣ። ለዓመታትም ሲዲው ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ አዲሱ ወይስ የሚጸናው?

ብዙ ሰው ሊኑክስን ሞክሮ የሚጠላው ሊኑክስ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለቤቱ የማይሆነውን እትም ስለመረጠ ነው። «የቅርብ ጊዜው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅ የነበረበት ግን «እስከ መቼ ይጠበቅልኛል?» ብሎ ነው።

ኡቡንቱን እንውሰድ። የእትሙ ቁጥር የወጣበት ዓመትና ወር ነው። 24.04 ማለት በ2024፣ በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል፤ ሁሉም ግን እኩል ዕድሜ የላቸውም። በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ፣ ማለትም በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እያለ የሚወጣው «ኤልቲኤስ» ይባላል፤ ትርጉሙ ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ማለት ነው። ለአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ስለዚህ 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 ደግሞ እስከ 2029 ይጠበቃሉ። በመካከል የሚወጡት ግን ዘጠኝ ወር ብቻ ነው የሚቆዩት። ዘጠኝ ወር! ሚስት ፋይሎቿ የት እንዳሉ በለመደች ማግሥት ባል እንደገና «እናሻሽለው» ሊላት ነው።

ፌዶራም በጥራቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እትም የሚደገፈው ለ13 ወር ያህል ነው። ቴክኖሎጂ ለሚወድና ጊዜ ላለው ወጣት መልካም ነው፤ ልጆች ለሚያሳድጉና ለሚያገለግሉ ባልና ሚስት ግን ጭንቀት ይጨምራል።

ሊኑክስ ሚንት በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ የተሠራ ነው። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው ቅርብ ነው፤ ከታች ዝርዝሩ፣ ከጥግ ሰዓቱ፣ ሁሉም በለመድነው ቦታ ነው። በ2024 የጀመረው 22ኛው ተከታታይ እትም እስከ 2029 ይደገፋል። ዴቢያን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ያለ፣ የኡቡንቱም አባት የሆነ፣ በጽናቱ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ አካባቢ ግን ትንሽ እውቀት ይጠይቃል።

ውድ ባለትዳሮች፣ በዚህ ውስጥ ትምህርት የለምን? ገበያው ሁልጊዜ «አዲስ! አዲስ!» ይለናል። ቤት የሚቆመው ግን በሚጸና ነገር ነው። ለጀማሪ ቤተሰብ ምክሬ አጭር ነው፦ ኤልቲኤስ የሆነ ኡቡንቱ ወይም ሚንት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ላፕቶፓችን ምን ይሸከማል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተናገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። አስቀድሞ ተቀምጦ ማስላት ያስፈልጋል። ሦስት ነገሮችን እዩ።

1. ራሙ ስንት ነው? 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋናውን ኡቡንቱም ሆነ «ሲናሞን» የሚባለውን የሚንት ዓይነት ያለ ሥጋት መጫን ትችላላችሁ። 4 ጊጋባይት ከሆነ ቀለል ያለውን፣ ማለትም «ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ» የሚባለውን የሚንት ዓይነት ወይም ዙቡንቱን ምረጡ። 2 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ሉቡንቱን ሞክሩ፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁ መንቀራፈፉ አይቀርም። ዙቡንቱና ሉቡንቱ በኤልቲኤስ እትማቸው የሚደገፉት ለሦስት ዓመት መሆኑንም አትርሱ።

2. ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው? በጣም የቆዩ 32 ቢት ላፕቶፖች በር እየተዘጋባቸው ነው። ዋናው ኡቡንቱ መጫኛውን ካቆመላቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ዴቢያንም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ካወጣው 13ኛ እትሙ ጀምሮ ለእነርሱ መጫኛ አላዘጋጀም።

3. ዲስኩ ምን ዓይነት ነው? የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ገንዘብ ሲገኝ በኤስኤስዲ መተካት ከማንኛውም የእትም ምርጫ በላይ ፍጥነት ይሰጣል። ለኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይታሰብ፤ ለፎቶና ለመዝሙር ደግሞ ከዚያ በላይ።

የማውረጃውንም ወጪ አስሉ። ዋናው ኡቡንቱ 6 ጊጋባይት ያህል ሲሆን ሚንት 3 ጊጋባይት ያህል ነው። ለዳታ ካርድ ለሚከፍል ቤተሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በቤቱ ማን ምን ይሠራበታል?

ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በባል ብቻ ወይም በሚስት ብቻ አይደለም። አንድ ወረቀት አውጡና አብራችሁ ጻፉ።

የአማርኛ ጽሑፍ። ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ እንደለመዳችሁት አታገኙትም። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ሊኑክስም አማርኛን ያውቃል። «አይባስ» የተባለውን የመጻፊያ መሣሪያ «ኤም17ኤን» ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ብትጭኑና ከቋንቋዎቹ አማርኛን ብትመርጡ፣ በእንግሊዝኛው ሰሌዳ በድምፁ እየጻፋችሁ ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ይወጣል። እንደ «አቢሲኒካ» ያሉ ፊደሎችም በነፃ አሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዩኒኮድ ባልሆኑ በድሮ ፊደሎች የተጻፉ ጽሑፎች ካሏችሁ ሊኑክስ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ከመቀየራችሁ በፊት በዚያው በዊንዶውስ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው። የእናት የዓመታት የትምህርት ማስታወሻ በአንድ ሌሊት እንዳይጠፋ።

የቢሮ ሥራ። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ነገር ግን ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ አንዳንዴ ቅርጹ ይዛነፋል። መሥሪያ ቤታችሁ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነ ራሳችሁን አታታልሉ፤ ሕጋዊ ዊንዶውስ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን በአንድ ላፕቶፕ ጎን ለጎን መጫንም ይቻላል።

አገልግሎት። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር በፕሮጀክተር የምታሳዩ ከሆነ ኢዚወርሺፕ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። «ኦፕንኤልፒ» የተባለው ግን ለአምልኮ የተዘጋጀ፣ ክፍት የሆነና በሊኑክስ የሚሠራ ነው። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ደግሞ «ዚፎስ» እና «ባይብልታይም» አሉ። አንድ ልመና ግን አለኝ፦ የአጥቢያችሁን ላፕቶፕ ቅዳሜ ማታ አትቀይሩ!

ልጆች። «ጂኮምፕሪ» የተባለው ፕሮግራም ለትንንሽ ልጆች ቁጥርን፣ ፊደልንና የመዳፊት አጠቃቀምን በጨዋታ ያስተምራል።

«ክርስቲያን» የሚል ስም ያለውን እንምረጥ?

አንዳንዶች ይህን ይጠይቃሉ። በ2000ዎቹ «ኡቡንቱ ክርስቲያን ኤዲሽን» የሚባል ዝግጅት ወጥቶ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ፕሮግራምና መጥፎ የኢንተርኔት ገጾችን የሚያግድ ማጣሪያ አብረውት ነበሩ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የሚቆም ዝግጅት እነርሱ ሲደክሙ ይቆማል፤ የደኅንነት ማሻሻያውም አብሮ ይዘገያል። እንደነዚህ ያሉ ፕሮግራሞችን ደግሞ በዋናው ኡቡንቱ ወይም በሚንት ላይ ራሳችሁ መጫን ትችላላችሁ።

ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ጠባቂዎቹን ቁጠሩ። ላፕቶፕ ክርስቲያን አይሆንም፤ ክርስቲያን የሚሆነው የሚጠቀምበት ሰው ነው። ለልጆቻችንም ከሁሉ የሚሻለው ማጣሪያ ላፕቶፑ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ሳሎን ውስጥ መቀመጡና አባትና እናት አብረው መኖራቸው ነው።

ከመቁረጥ በፊት ቅመሱት

የሊኑክስ አንዱ በጎነት ሳይጫን መሞከሩ ነው። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ አዘጋጁ፤ በውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። ያወረዳችሁትን ፋይል «ሩፈስ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ከዚያ ላፕቶፑን ስታስነሡ፣ እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ቁልፍ ተጭናችሁ ከፍላሹ እንዲነሣ አድርጉ። «ሞክር» የሚለውን ምርጫ እስከያዛችሁ ድረስ ዲስካችሁ አይነካም።

ዋይፋዩ ይሠራል? አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች፣ በተለይም የብሮድኮም ዋይፋይ ያለባቸው፣ ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ድምፁ ይሰማል? ካሜራው ይበራል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? ፕሪንተሩስ? ሚስት ሳትቸገር ፋይሏን ታገኛለች? ከፍላሽ ሲሠራ ዘገምተኛ ነውና በፍጥነቱ አትፍረዱበት፤ በቀረው ግን ፍረዱ። ካልተስማማችሁም ሌላውን ሞክሩ።

ተስማምታችሁ ለመጫን ስትወስኑ ደግሞ ይህን አድርጉ። በመጀመሪያ ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ መዝሙሩን ሁሉ ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጡ፤ የምትሳሱለትን ደግሞ በሁለት ቦታ አድርጉት። ቀጥሎ የተገለበጠውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ፤ መገልበጡ ብቻ በቂ አይደለም። በመጨረሻም መጫኛው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ሁለታችሁም አጠገቡ ሁኑ። ያ አዝራር አንዴ ከተጫነ ወደ ኋላ መመለስ የለውም።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ባል ሚስቱ ተኝታ ሳለ ላፕቶፑን ፎርማት ቢያደርግ፣ በጎ አሳብ ይዞ እንኳ ቢሆን፣ «የአንቺ ሥራ አያሳስበኝም» እንዳላት ሊሰማት ይችላል። ጠዋት ላይ የሚጠፋው ፋይል ብቻ አይደለም። በአንጻሩ አብሮ ተቀምጦ፣ ጠይቆ፣ ሞክሮ መወሰን አንድ ሆኖ የመኖር ትንሽ ልምምድ ነው።

ለአጥቢያችን አንድ አሳብ

በሕግ አንድ ሰው ያወረደውን የኡቡንቱ ወይም የሚንት ፋይል ለመቶ ቤት ማካፈል ይቻላል። የሚከፈል ዋጋ የለም፤ የሚደበቅ ነገርም የለም። በየአጥቢያው ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶች አሉን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወስደው አንድ ፍላሽ ይዘው ለአረጋውያኑ፣ ለአገልጋዮቹ፣ ለተማሪዎቹ ላፕቶፕ ቢጭኑና ቢያስተምሩ ምንኛ መልካም አገልግሎት ይሆን ነበር!

ወደዚያ ወዳሰብነው ቤት እንመለስ። ባልና ሚስት ነገ ወደ ፎርማት ቤት በመሄድ ፈንታ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ጻፉ እንበል። ላፕቶፑ አዲስ አልሆነም፤ የአራት ጊጋባይት አሮጌ ነው። ነገር ግን በስክሪኑ ጥግ ላይ የሚከስሳቸው ጽሑፍ የለም፤ የልጃቸውም ፎቶ በሁለት ቦታ ተቀምጧል። እርስዋ ትምህርቷን ትጽፋለች፤ እርሱም ቡናውን ያቀርባል። ንጹሕ ሕሊናና በቤት ውስጥ ሰላም በገንዘብ የሚገዙ አይደሉም።

ለባልና ለሚስት መወያያ

1. በቤታችን ያለው ሶፍትዌር ሁሉ በጌታ ፊት ያለ ሐፍረት የምንናገርለት ነው?
2. ላፕቶፓችን ዛሬ ሌሊት ቢበላሽ የምናጣው ምንድን ነው? ሌላ ቅጂ አለው?
3. ስለ ቤታችን ዕቃዎች ስንወስን ሁለታችንም እንደማመጣለን ወይስ «ዐዋቂ ነኝ» የሚለው ብቻውን ይወስናል?
4. የምንመርጠው እትም እስከ መቼ ይደገፋል? ዓመቱን በቀን መቁጠሪያችን ላይ ጽፈነዋል?

ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።